«ዊንዶውስ 10 አበቃ» ማለት ምን ማለት ነው? ወሎ ውስጥ የሚዘገየው መጣፊያና የማይዘገየው ፍላሽ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ኮምፒውተር በሚጠገንባቸው ቤቶችም ሆነ በመሥሪያ ቤቶች ሦስት ዓይነት ወሬ ይዘዋወራል። አንዱ «ኮምፒውተሮቹ ከእንግዲህ አይከፈቱም» የሚል ነው። ሌላው ነገሩን አዲስ ኮምፒውተር ለመሸጥ የተፈጠረ ዘዴ አድርጎ ያየዋል። ሦስተኛው ደግሞ «አንቲቫይረስ እስካለ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለም» ይላል። የመጀመሪያው ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥቂት እውነት ቢኖርባቸውም ዋናውን ጉዳይ ይስቱታል። ዋናው ጉዳይ ድጋፉ የቆመበት ቀን አይደለም፤ ድጋፉ በነበረበት ጊዜም ቢሆን የደህንነት መጣፊያው፣ ማለትም የሶፍትዌር ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ፣ ብዙዎቹ የእኛ ኮምፒውተሮች ዘንድ ይደርስ ያልነበረ መሆኑ ነው።

ያበቃው ነገር ምንድን ነው?

ሶፍትዌር የሚጻፈው በሰው ነው፤ ዊንዶውስን የመሰለ ሥርዓት ደግሞ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች ስላሉት ስሕተት አይጠፋውም። ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ ሥራ ከማጓተት አያልፉም። ጥቂቶቹ ግን አንድ ባዕድ ሰው ባለቤቱ ያልፈቀደውን ነገር በኮምፒውተሩ ላይ እንዲፈጽም መንገድ ይከፍታሉ። እነዚህ የደህንነት ክፍተቶች ይባላሉ። በክፍተቱ ገብቶ ጉዳት የሚያደርሰው ፕሮግራም ማልዌር ይባላል፤ በተለምዶ ሁሉንም «ቫይረስ» እንለዋለን እንጂ ቫይረስ ከማልዌር ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው። አንድ ክፍተት ሲታወቅ «ሲቪኢ» በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሠሪው ኩባንያም ክፍተቱን የሚደፍን ማስተካከያ ያወጣል። ይህ ማስተካከያ በባለሙያዎች ዘንድ ፓች ይባላል፤ መጣፊያ ማለት ነው። አፕዴት የምንለው ነገር አዳዲስ አገልግሎቶችን ቢጨምርም ትልቁ ጥቅሙ እነዚህን መጣፊያዎች ማምጣቱ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት የሚያወጣቸው በየፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው።

ያበቃው ይህ ወርኃዊ ሥራ ነው። ዊንዶውስ 10 ያለው ኮምፒውተር እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ ክፍተት ግን በመደበኛው መንገድ አይደፈንለትም። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ «ቲፒኤም 2.0» የተባለ የደህንነት ቺፕና ከኢንቴል ከሆነ በአጠቃላይ ከስምንተኛው ትውልድ የጀመረ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በወሎ ከተሞች ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከዚህ በታች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ንብረታቸው የተዘረፈ መሥሪያ ቤቶች ከፊሎቹ ሥራ የጀመሩት በልገሳ ባገኙት መሣሪያ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ «አዲስ ለመሸጥ ነው» የሚለው ወሬ የሚያነሳው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ሊሠራ የሚችል መሣሪያ በመስፈርት ምክንያት ከመንገድ ዳር ቀርቷል።

ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች አንድ የመሸጋገሪያ ጊዜ ከፍቷል። ዊንዶውስ 10ን «22ኤች2» ወደሚባለው የመጨረሻ እትም ያደረሰ ሰው በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የደህንነት መጣፊያ ማግኘት ይችላል። ኩባንያው ምዝገባውን ሲያስተዋውቅ ሦስት አማራጮች አቅርቧል፤ የኮምፒውተሩን ቅንብር በአካውንቱ ላይ ለሚያስቀምጥ በነፃ፣ የኩባንያውን የሽልማት ነጥብ ላጠራቀመ በ1,000 ነጥብ፣ አለበለዚያም በ30 ዶላር። ለድርጅቶች ግን የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም እጥፍ እየሆነ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ይቀጥላል። ሃያ ኮምፒውተር ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህን ከበጀቱ ያወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

መጣፊያ ከወጣ በኋላ የሚጀምረው ሩጫ

ብዙ ሰው መጣፊያ ሲወጣ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው፤ መጣፊያው ክፍተቱ የት እንደነበረ ለአጥቂዎችም ይጠቁማል። አሮጌውንና አዲሱን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን የሚያጠና ሰው የተደፈነው ቀዳዳ የቱ እንደሆነ ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ መጣፊያውን ያልጫኑት ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀዳዳቸው የታወቀ ይሆናሉ።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ «ዋናክራይ» የተባለው ጥቃት ነው። ጥቃቱ የተጠቀመበትን ክፍተት አስቀድሞ አግኝቶ በምስጢር ይዞት የነበረው የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ሲሆን፣ መሣሪያው ሾልኮ ወጥቶ በአደባባይ ተለጠፈ። ማይክሮሶፍት መጣፊያውን ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ጥቃቱ የተነሣው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ 59 ቀናት አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጣፊያውን ያልጫኑ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች በ150 ያህል አገሮች ተያዙ፤ ፋይሎቻቸው ተቆልፈው ለመክፈቻው ክፍያ ተጠየቀባቸው። በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የታካሚ ቀጠሮዎችን ለመሰረዝ ተገደዋል። እንዲህ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር «ራንሰምዌር»፣ ማለትም ቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር፣ ይባላል።

ስለ ዋናክራይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ከተጠቂዎቹ አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ በወቅቱ ድጋፉ አላበቃም፤ ያበቃው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጣፊያው ተሠርቶ፣ በነፃ ተለቅቆ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አልደረሰም እንጂ ድጋፍ አልጠፋም። አንድ ሥርዓት ድጋፍ ያለው መሆኑና አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒውተር የተጣፈ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የወሎን ሁኔታ ለመረዳት ከዚህ ልዩነት መነሣት ያስፈልጋል።

መንገዱ የሚቋረጠው የት ነው?

መጣፊያው ከኩባንያው ወጥቶ ደሴ ወይም ላሊበላ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ የሚዘጉትም በተለያየ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የዳታ ዋጋ ነው። አንድ ወርኃዊ መጣፊያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚፈጅ፣ ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ የሚሠራ ሰው የገዛው ጥቅል ሳያስበው ያልቅበታል። በዚህ የተማረረ ደንበኛ የሚያመጣውን ኮምፒውተር ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ አፕዴቱን ያጠፋዋል፤ ወይም ግንኙነቱ በመጠን የሚከፈልበት ነው ብሎ ያስመዘግበዋል። ደንበኛውም ባለሙያውም በዚያ ቀን ትክክል ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ፈጣን ነው፣ ዳታም አይበላም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ኮምፒውተር ያልተደፈኑ ክፍተቶች ክምር ተሸክሞ እንደሚቀመጥ ግን ማንም አያየውም።

ሁለተኛው ምክንያት ያለ ፈቃድ የሚጫነው ዊንዶውስ ነው። ያልተገዛን ዊንዶውስ እንደተገዛ የሚያስመስሉት፣ አክቲቬተር የሚባሉት ፕሮግራሞች ሊሠሩ ሲሉ አንቲቫይረሱ እንዲጠፋላቸው ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም አፕዴትን ይዘጋሉ። «ኬኤምኤስፒኮ» በተባለው የታወቀ አክቲቬተር ስም የተሠራ የሐሰት ጫኝ ውስጥ «ክሪፕትቦት» የተባለ መረጃ ሰራቂ ተሸሽጎ መገኘቱን የደህንነት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ አድርገዋል። ይህን ስል የዋጋውን ነገር ችላ ብዬ አይደለም፤ የአንድ ዊንዶውስ ፈቃድ ዋጋ ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ችግሩ የሥነ ምግባር ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ስለ ንግድ፣ ስለ ባንክና ስለ ትምህርት ብዙ ተብሏል። በእነዚያ ወራት በስልክ ዳታ ብቻ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አንድም መጣፊያ እንዳላገኙ ግን እምብዛም አልተነሣም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ አይቆምም፤ ሪፖርት፣ የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝር በፍላሽ መጓዝ ይጀምራል። መጣፊያው የሚመጣበት መንገድ ሲዘጋ ማልዌር የሚመጣበት መንገድ ይሰፋል ማለት ነው።

አንድ ፍላሽ ከወረዳ እስከ ደሴ

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ከተንታ ወይም ከወረኢሉ ሪፖርት ይዞ ወደ ዞን የሚመጣ አንድ ሠራተኛ እናስብ። ደሴ ሲደርስ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ አርባ ገጽ ያሳትማል። በዚያ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ቀን ከእሱ በፊት የተማሪው፣ የነጋዴው፣ የጠበቃው ፍላሽ ተሰክቷል። ዞን ደርሶ ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ በቦታቸው አሉ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ትታያለች፤ መጠናቸውም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ብቻ ነው። እነዚህ ፎልደሮች አይደሉም፤ ሾርትከቶች፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመሩ አቋራጮች፣ ናቸው። እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ማልዌሩ ደብቋቸዋል። ሠራተኛው አንዱን ሁለት ጊዜ ሲጫን ፎልደሩ ይከፈትለታል፤ ስለዚህ ምንም አይጠረጥርም፤ በዚያው ቅጽበት ግን ማልዌሩ ተነሥቶ በዞኑ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። «ፋይሌ ጠፋ» ያለ ሰው ፍላሹን ፎርማት አድርጉልኝ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ማልዌሩ ያልነካውን ሪፖርት ባለቤቱ ራሱ ያጠፋዋል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው ያሉት። በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችና የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎች እንዲታዩ ሲደረግ ይገኛሉ። ይህን ማድረግ የሚገባው ግን ንጹሕ በሆነና አንቲቫይረሱ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ነው።

«ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር አይያዝም» የሚለው እምነት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሣው «ኮንፊከር» በኔትወርክ ብቻ ሳይሆን ፍላሽ ሲሰካ በራሱ በሚነሣው «አውቶራን» ተጠቅሞ ተዛምቷል፤ ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አፕዴት በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ዘግቶታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው «ስተክስኔት» ከኢንተርኔት ተለይቶ ወደነበረው የኢራን የኒውክሌር ጣቢያ የደረሰበት አንዱ መንገድ ፍላሽ ነው፤ የሾርትከቱን ምስል ማየት ብቻ እንዲያስነሣው የሚያደርግ ክፍተት ተጠቅሟል። «አንድሮሜዳ» የተባለው ማልዌር መረብ እ.ኤ.አ. በ2017 በበርካታ አገሮች ፖሊሶች ትብብር ፈርሷል፤ ሆኖም ከዓመታት በኋላም በፍላሾች ላይ ይገኝ ነበር። ማዘዣ ጣቢያው የፈረሰ ማልዌር ፍላሽ ላይ መኖሩን አያቆምም።

አንቲቫይረስ እስከ ምን ድረስ?

አንቲቫይረስ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው የታወቁ ማልዌሮችን ምልክት በመዝገብ ይዞ ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ማመሳከር ነው፤ ሁለተኛው የፕሮግራሞችን ጠባይ እየተከታተለ እንግዳ ድርጊት ሲያይ ማስቆም ነው። የመጀመሪያው መንገድ መዝገቡ ያረጀ ከሆነ አዲስ ማልዌርን አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ በተለይ ከላይ የተገለጹትን የፍላሽ ማልዌሮች አብዛኞቹን ይይዛል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደርም ለተራ ተጠቃሚ በቂ ነው፤ ማይክሮሶፍት የማልዌር ምልክቶቹን መዝገብ ለዊንዶውስ 10 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚያድስ አስታውቋል። ሁለት አንቲቫይረስ ደርቦ መጫን ግን ኮምፒውተሩን ከማዘግየት በቀር ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም።

አንቲቫይረስ የገባውን እንግዳ ይይዛል እንጂ የተከፈተውን ቀዳዳ አይደፍንም። ቀዳዳው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ብቻ አይደለም። ለዚህ «ዊንራር»ን መጥቀስ ይበቃል፤ በየጽሕፈት ቤቱ የማይጠፋ የፋይል ማሸጊያ ነው። ይህ ፕሮግራም ራሱን በራሱ አያድስም፤ የዊንዶውስ አፕዴትም አይነካውም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የወጣው 7.13 እትም አጥቂዎች አስቀድመው ሲጠቀሙበት የነበረን ክፍተት ደፍኗል፤ በክፍተቱ ተጠቅሞ የተዘጋጀ የታሸገ ፋይል ሲፈታ ተጠቃሚው ባልመረጠው ቦታ ላይ ሌላ ፋይል ማስቀመጥ ይችል ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ተጭኖ የተረሳ ዊንራር ያለበት ኮምፒውተር ይህን ክፍተት ዛሬም ይዞት ይገኛል።

የሚነሡ ክርክሮች

«እኛ ዘንድ የሚሰረቅ ምን አለ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ራንሰምዌር ግን ለሌላው ዋጋ ያለውን ነገር አይፈልግም፤ ለባለቤቱ ዋጋ ያለውን ይቆልፋል። የአንድ ትምህርት ቤት የአሥር ዓመት የተማሪ ውጤት ለሌባ ምንም ነው፤ ለተማሪዎቹ ግን ዩኒቨርሲቲ መግቢያቸው ነው። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተያዘ የነጋዴ ሒሳብም እንዲሁ። ወሎ ሰነድ ማጣት ምን እንደሆነ ከሌላው በላይ ያውቀዋል፤ በጦርነቱ ኮምፒውተሩ ሲዘረፍ አብሮ የሄደው መዝገብ በገንዘብ አልተተካም። በተጨማሪ መረጃ ሰራቂ የሚባሉት ማልዌሮች በኮምፒውተር ላይ የተከፈተን የቴሌግራም ፋይል ገልብጠው አካውንቱን የይለፍ ቃል ሳይጠይቁ ሊከፍቱት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ለዘመድ አዝማድ በባለቤቱ ስም «በአስቸኳይ ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት ቢሄድ የሚጎዳው የኮምፒውተሩ ባለቤት ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛው ክርክር «አፕዴቱ ራሱ ያበላሻል» የሚለው ነው፤ ይህ ከባዶ የተነሣ ስጋት አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. «ክራውድስትራይክ» የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው የተሳሳተ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቁሞ በረራ ሳይቀር አስተጓጉሏል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ብልሽት በቀናት ውስጥ ተለይቶ የሚታረም ሲሆን፣ ያለ መጠባበቂያ ቅጂ የተቆለፈ መዝገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ አፕዴት ያደላል፤ ሰነዱን አስቀድሞ ገልብጦ፣ ከተቻለም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ መጫን ስጋቱን ይቀንሰዋል።

ሦስተኛው «ሁሉንም ወደ ሊኑክስ እናዛውር» የሚለው ሐሳብ ነው። ዊንዶውስን ሊተካ የሚችለው ሊኑክስ ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ መጣፊያውም አያቋርጥም። ሆኖም የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝና ፒችትሪ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው፤ በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉ የዓመታት ሰነዶችም ፊደሉ በሌለበት ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ሊኑክስ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለሒሳብ ክፍልና ለጽሕፈት ቤት ግን ገና አይሆንም።

መጣፊያውን በፍላሽ መንገድ ማምጣት

ሕጉን በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማልዌር ማሰራጨትን ያስቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን በጥንቃቄ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የበለጠ ክብደት ያለው ሁለተኛው ነው፤ ያልተጣፈ ኮምፒውተር ላይ የሕዝብ መዝገብ ማስቀመጥን ተራ የባለሙያ ጉዳይ አድርጎ ማየት ከእንግዲህ አያዋጣም።

ከገንዘብ እጥረት ጋር የሚስማማ መንገድ ግን አለ። የዊንዶውስ 10ና የዊንዶውስ 11 ወርኃዊ መጣፊያዎች ድምር ናቸው፤ የመጨረሻው ወር ፋይል የእትሙን የቀደሙትን መጣፊያዎችም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያልታደሰ ኮምፒውተር ሃያ አራት ፋይል አያስፈልገውም። ማይክሮሶፍት ፋይሉን ማንም ሊያወርደው በሚችለው የአፕዴት ካታሎግ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የዲፌንደር መዝገብም እንዲሁ ለብቻው የሚወርድ ፋይል አለው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በኔትወርክ የተያያዙ ኮምፒውተሮች አንዱ ያወረደውን አፕዴት ለሌሎቹ እንዲያካፍል የሚያደርግ አማራጭም ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ዳታው የሚከፈለው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ይሆናል።

ይህ ማለት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጥሩ መስመር ያለው አንድ ተቋም በወር አንድ ቀን ፋይሎቹን አውርዶ ለወረዳዎች ማደል ይችላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች አሏቸው፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታም አለባቸው። ጥገና ቤቶችም ለፎርማት በመጣ ኮምፒውተር ላይ አፕዴትን ከማጥፋት ይልቅ የወሩን ድምር ፋይልና አዲሱን ዊንራር ጭነው ቢመልሱት፣ ከሚያስከፍሉት ላይ ጥቂት ብር መጨመር አግባብ ነው፤ ደንበኛውም ለምን እንደሚከፍል ሊነገረው ይገባል። በአሮጌዎቹ ዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች ላይ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. በኋላ የወጡት መጣፊያዎች የሚጫኑት በመሸጋገሪያው ፕሮግራም በተመዘገበው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የግል ኮምፒውተር ያለው ሰው አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ምዝገባውን መፈጸም ይኖርበታል። ምዝገባው ያልተሳካለት የሥራ ኮምፒውተር ቢያንስ እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ያለውን መጣፊያ ይዞ ከኢንተርኔት ተለይቶ ለጽሕፈት ብቻ ቢውል ይሻላል፤ መዝገቦቹም ሥራው እንዳለቀ ተነቅሎ በሚቆለፍ ሌላ ዲስክ ላይ በየሳምንቱ ይገልበጡ፤ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ራንሰምዌር ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።

መጣፊያውን የሚያጓጉዘው ፍላሽ ራሱ ተይዞ እንዳይመጣ ሁለት ነገር መደረግ አለበት። ፍላሹ በጎኑ የመጻፊያ መቆለፊያ ያለው ቢሆን፣ ካልተገኘም ፋይሎቹ በዲቪዲ ላይ ቢገለበጡ፣ የሚሄድበት ኮምፒውተር ምንም ሊጽፍበት አይችልም። እያንዳንዱ የማይክሮሶፍት መጣፊያ ፋይል ከመጫኑ በፊት ደግሞ በቀኝ ተጫን፣ ባሕርያቱን ክፈትና የዲጂታል ፊርማውን ገጽ ተመልከት፤ ፈራሚው ማይክሮሶፍት ካልሆነ፣ ወይም ፊርማው ልክ አይደለም የሚል ጽሑፍ ከመጣ፣ ፋይሉ በመንገድ ላይ ተነክቷልና አይጫን።